ተከሳሹ ሌላ ስቴት ሲኖር ክስ የት ይከፈታል? መጥሪያ ለእናንተ ሲመጣስ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖር አበሻ በአንድ ቀን ሦስት ሕግ ያቋርጣል። ሲልቨር ስፕሪንግ ያድራል፣ ዲሲ ሥራ ይውላል፣ ማታ አሌክሳንድሪያ ለቅሶ ደርሶ ይመለሳል። ለነጂው ሁሉም አንድ ከተማ ነው። ለፍርድ ቤት ግን ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ለየራሳቸው ናቸው፤ የአንዱ ዳኛ የሌላውን ነዋሪ ጠርቶ «መልስ ስጥ» ለማለት ሕጋዊ ምክንያት ያስፈልገዋል።

እኔ በአንድ ትንሽ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ የጠበቃ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። በአማርኛ ከሚደወልልን ስልክ ብዙው ከሁለት ጥያቄ አይወጣም። አንዱ «የገጨኝ ሰው ሌላ ስቴት ነው ያለው፤ እዚሁ ልክሰሰው?» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «ረግጬው ከማላውቀው ስቴት መጥሪያ መጣብኝ፤ ዝም ብለውስ?» የሚል። የሁለቱም መልስ የሚጀምረው ከአንድ ቦታ ነው፦ ያ ፍርድ ቤት በዚያ ተከሳሽ ላይ የዳኝነት ሥልጣን አለው ወይስ የለውም? ፈቃድ ያለው ጠበቃ ጉዳያችሁን እስኪያይ ድረስ ራሳችሁ ልታጣሩት የምትችሉት ብዙ ነገር ስላለ ቅደም ተከተሉን እዚህ ጻፍኩት።

ዳኛው ምን ይመለከታል?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ስቴቱ ራሱ ከድንበሩ ውጭ ያለን ሰው ለመጥራት የሚፈቅድ ሕግ ሊኖረው ይገባል፤ ጠበቆች «ሎንግ አርም» የሚሉት ነው። ሜሪላንድም፣ ቨርጂኒያም፣ ዲሲም አላቸው። ሦስቱም በየትኛው ድርጊት ምክንያት የውጭ ሰው ሊከሰስ እንደሚችል ይዘረዝራሉ፦ በስቴቱ ውስጥ ንግድ መሥራት፣ ለስቴቱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ለማቅረብ መዋዋል፣ በስቴቱ ውስጥ ጉዳት ማድረስ፣ እዚያ መሬት ወይም ቤት መያዝና የመሳሰሉት። ካሊፎርኒያ ግን ዝርዝር አላስፈለጋትም፤ ሕገ መንግሥቱ እስከፈቀደ ድረስ እጠራለሁ ብላ ጨርሳለች።

ሁለተኛው ሕገ መንግሥቱ ነው። በ14ኛው ማሻሻያ መሠረት ማንም ሰው ያለ አግባብ ሥነ ሥርዓት ንብረቱን አይነጠቅም። የዛሬው መለኪያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1945 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኢንተርናሽናል ሹ በተባለ የጫማ ኩባንያ ላይ ከሰጠው ውሳኔ ነው። ኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤቱ ሴንት ሉዊስ፣ ሚዙሪ ነበር፤ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ቢሮም መጋዘንም አልነበረውም። የነበሩት ከ11 እስከ 13 የሚደርሱ ሻጮች ነበሩ፤ ለናሙናም የአንድ እግር ጫማ ብቻ ይዘው ይዞሩ ነበር። ስቴቱ ለሥራ አጦች ፈንድ መዋጮ ክፈል ሲለው ኩባንያው «እኔ እዚያ የለሁም» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ገበያውን በቋሚነት እየተጠቀምክ፣ ክሱም የመጣው ከዚያው ሥራህ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ መልስ ስጥ መባልህ ፍትሕ አያጓድልም ብሎ ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ተከሳሹ በገዛ ፈቃዱ ከዚያ ስቴት ጋር ምን ግንኙነት ፈጠረ፣ ክሱስ ከዚያ ግንኙነት ጋር ይያያዛል ወይ የሚል ሆነ።

ከራሳችሁ አድራሻ አትነሡ

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። እንበልና አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ቨርጂኒያ ውስጥ ሃሪሰንበርግ አጠገብ ኢንተርስቴት 81 ላይ በትራክ ተገጨች። ኩባንያው ዳላስ፣ ቴክሳስ ነው፤ ሾፌሩ የሚኖረው ኖክስቪል፣ ቴነሲ ነው። እሷ የታከመችው ሜሪላንድ፣ ሥራ የቀረባት ሜሪላንድ፣ ሕመሙን ይዛ የምትኖረው ሜሪላንድ። «ታዲያ ሜሪላንድ ልክሰስ» ማለቷ ተፈጥሯዊ ነው። ነገር ግን ዳኛው የሚያየው ከሳሿን ከሜሪላንድ ጋር የሚያይዛትን ሳይሆን ተከሳሾቹን የሚያይዛቸውን ነው። አደጋው የደረሰው ሌላ ቦታ ነው፤ ሾፌሩም ሜሪላንድን በሚመለከት ያደረገው ነገር የለም።

ይህን በግልጽ ያስቀመጠው የ2014 የዋልደን ውሳኔ ነው። ሁለት የኔቫዳ ነዋሪዎች አትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ወደ 97,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ተወሰደባቸው። ቤታቸው ገብተው ገንዘቡን የወሰደውን ፖሊስ ኔቫዳ ውስጥ ከሰሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ አይሆንም አለ፦ ፖሊሱ ሁሉንም ያደረገው ጆርጂያ ውስጥ ነው፤ የተጎዱት ሰዎች ኔቫዳ መኖራቸው ብቻውን ከኔቫዳ ጋር አያገናኘውም። በጠና የተጎዳ ሰው «ሦስት ሰዓት ነድተህ ቨርጂኒያ ሄደህ ክሰስ» ሲባል እንዴት እንደሚሰማው አውቃለሁ። ሆኖም ሕጉ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ነገ ተከሳሹ ከእኛው ሾፌሮች አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚጠብቀው ይኸው ሕግ ነው።

ስለዚህ ወረቀት አውጡና የተከሳሹን ነገር ጻፉ።

መጀመሪያ ቤቱ የት ነው? ሰው ቋሚ ኑሮው ባለበት ስቴት ስለማንኛውም ጉዳይ ሊከሰስ ይችላል። ኩባንያ ደግሞ በሁለት ቦታ «ቤቱ» ይባላል፦ በተመዘገበበት ስቴትና ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ስቴት። ቅርንጫፍ ስላለው ብቻ በየቦታው ስለሁሉም ነገር መክሰስ እንደማይቻል በ2014 የዳይምለር ጉዳይ ተወስኗል። የት እንደተመዘገበ ማየት ቀላል ነው፤ ሜሪላንድ የግምገማና የግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ የኮርፖሬሽን ኮሚሽኑ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ማስገባት ነው። በእኛ ምሳሌ ኩባንያው ቴክሳስ፣ ሾፌሩ ቴነሲ ቤታቸው ነው።

ቀጥሎ ክሱ የመጣው ከየትኛው ድርጊት ነው? ድርጊቱ የት ተፈጸመ? በመኪና አደጋ መልሱ ቀጥተኛ ነው፤ መንገዱ ያለበት ስቴት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን የተቀበለው ገና በ1927 ሲሆን፣ ጉዳዩ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሰው የገጨ የፔንሲልቬንያ ሾፌር ነበር፤ የስቴቱን መንገድ የሚጠቀም ሰው በአደጋ ጊዜ እዚያ ለመዳኘት እንደተስማማ ይቆጠራል ተባለ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ተጎጂ ሁለቱንም ተከሳሾች አንድ ላይ ልታገኝ የምትችለው ቨርጂኒያ ነው። ዳላስ ብትሄድ ሾፌሩ «እኔ ቴክሳስ ምን አገባኝ» ሊል ይችላል፤ ቴነሲ ብትሄድም ኩባንያው እንደዚያው።

ዕቃ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በ1980 በቮልስዋገን ጉዳይ አንድ ቤተሰብ ኒው ዮርክ አውዲ ገዝቶ ወደ አሪዞና ሲጓዝ ኦክላሆማ ላይ ተገጨ፤ መኪናው ተቃጠለ። የኒው ዮርኩን ሻጭና የአካባቢውን አከፋፋይ ኦክላሆማ ሲከሱ አልሆነም፤ እነሱ ኦክላሆማን ብለው የሠሩት ንግድ አልነበረም፤ መኪናውን ወደዚያ የወሰደው ገዢው ነው። በ2021 ደግሞ ፎርድ ሞንታናና ሚኒሶታ ውስጥ ተከሶ «እነዚህ መኪኖች መጀመሪያ የተሸጡት ሌላ ስቴት ነው» ብሎ ሲከራከር ተሸነፈ። ፎርድ በሁለቱም ስቴቶች ያንኑ ሞዴል ያስተዋውቃል፣ ይሸጣል፣ ይጠግናል፤ ተጎጂዎቹም የዚያው ነዋሪዎች ናቸው፤ አደጋውም እዚያው የደረሰ። ልዩነቱን አስተውሉ፦ ሰፈር ውስጥ ያለ ትንሽ ሻጭና አገር ሙሉ የሚሸጥ ፋብሪካ እኩል አይታዩም። ያገለገለ መኪና ኒው ጀርሲ ሄዳችሁ ገዝታችሁ ቤት ስትደርሱ ሞተሩ ቢወድቅ፣ ያንን ሻጭ ሜሪላንድ መክሰስ የሚከብደው ለዚህ ነው። ሻጩ ግን ሜሪላንድ ላሉ ሰዎች ማስታወቂያ አውጥቶ፣ በስልክ ተዋውሎ፣ መኪናውን ጭኖ ደጃችሁ ካደረሰ ነገሩ ይለወጣል፤ ማስታወቂያውንና የተላላካችሁትን መልእክት አታጥፉ።

ሦስተኛው ስምምነት ነው። በተለይ የራሳችሁ ትራክ ያላችሁ ሰዎች ከብሮከር (ጭነት ከሚያገናኛችሁ ደላላ) ጋር የተፈራረማችሁትን ውል አውጥታችሁ መጨረሻዎቹን ገጾች አንብቡ። «ውሉ የሚተዳደረው በኢሊኖይ ሕግ ነው» የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ተዋዋዮች ኢሊኖይ ባሉ ፍርድ ቤቶች ለመዳኘት ተስማምተዋል» የሚለው ሌላ ነው። ፊተኛው የሚነግራችሁ የትኛው ሕግ እንደሚሠራ ነው። ኋለኛውን ከፈረማችሁ ግን ቺካጎን በዓይናችሁ ባታዩም እዚያ ልትከሰሱ ትችላላችሁ። በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመርከብ ቲኬት ላይ በደቃቅ የታተመን እንዲህ ያለ አንቀጽ እንኳ አጽንቶ የዋሽንግተን ስቴት ባልና ሚስት ፍሎሪዳ ሄደው እንዲከሱ አድርጓል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ያንን አንቀጽ ብቻ እንኳ የሚያስረዳችሁ ሰው ፈልጉ።

ከስምምነት ጋር የሚሄድ አንድ አዲስ ነገር አለ። ፔንሲልቬንያ ውስጥ ለመነገድ የሚመዘገብ የውጭ ኩባንያ ስለማንኛውም ጉዳይ እዚያ ሊከሰስ ይችላል የሚል የስቴቱ ሕግ አለ፤ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማሎሪ ጉዳይ ይህ ሕግ የ14ኛውን ማሻሻያ አይጥስም ብሏል። የዳላሱ ኩባንያ ፔንሲልቬንያ ተመዝግቦ ከሆነ ለጠበቃችሁ አንሡለት። ውሳኔው 5 ለ4 ስለነበርና በሌላ የሕገ መንግሥት አንቀጽ ክርክሩ ገና ስላልተዘጋ ብቸኛ ምርኩዝ አታድርጉት።

አራተኛው አጭር ነው፦ ሰውዬው ለጉብኝት እንኳ በገዛ ፈቃዱ በመጣበት ስቴት መጥሪያ በእጁ ከተሰጠው ሥልጣን ይገኛል። በ1990 የበርንሃም ጉዳይ የኒው ጀርሲ ነዋሪ የሆነ አባት ለሥራና ልጆቹን ለማየት ካሊፎርኒያ ሄዶ የፍቺ መጥሪያ ተሰጠው፤ ጸና። ኩባንያ ላይ ግን ይህ አይሠራም።

ማስረጃው ሳይጠፋ

ተከሳሹ ሥልጣኑን ከተቃወመ የማስረዳት ሸክሙ የከሳሽ ነው። ስለዚህ ክስ ከመክፈታችሁ በፊት ሰብስቡ። በትራክ አደጋ መጀመሪያ የምትፈልጉት በሩ ላይ የተጻፈውን የዩኤስ ዶት ቁጥር፣ ማለትም የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለኩባንያው የሰጠውን መለያ ነው። ፎቶ አንሡት፤ ካልቻላችሁ ከፖሊስ ሪፖርቱ ላይ ፈልጉ። በዚያ ቁጥር በፌዴራሉ የጭነት ትራንስፖርት ተቆጣጣሪ ድረ ገጽ የኩባንያው ስምና አድራሻ ይወጣል። ከስቴት ስቴት የሚጭን ኩባንያ በሚሠራበት በእያንዳንዱ ስቴት መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል ቢኦሲ-3 በሚባል ቅጽ ማሳወቅ አለበት፤ መጥሪያው ለማን እንደሚሰጥ ከዚያ ታገኛላችሁ። ወኪል መኖሩ ብቻውን ግን ብዙ ፍርድ ቤቶች ዘንድ የዳኝነት ሥልጣን አይሰጥም፤ አድራሻ ሰጪ እንጂ ሥልጣን ሰጪ አድርጋችሁ አትቁጠሩት።

ኩባንያው በአንድ ስቴት ምን ያህል እንደሚሠራ የሚያሳዩ መዝገቦችም አሉ። የነዳጅ ግብር የሩብ ዓመት ሪፖርት በየስቴቱ የተነዳውን ማይል ይዘረዝራል። የሾፌሩ የኤሌክትሮኒክ የሥራ ሰዓት መዝገብ የት እንደነበረ ይናገራል። የጭነት ሰነዱም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚራገፍ ይላል። የሰዓቱን መዝገብ ኩባንያው እንዲያስቀምጥ የሚገደደው ለ6 ወር ብቻ ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠበቃችሁ «ምንም እንዳታጠፉ» የሚል ደብዳቤ ይላክላቸው። ስድስት ወር አልፎ የሚመጣ ደንበኛ ሳይ በጣም የማዝነው በዚህ ነው፤ የሚያሸንፍበት ወረቀት ሕጉ በፈቀደው መሠረት ተጥሎ ሊሆን ይችላል። ክሱ ከተከፈተ በኋላም ዳኛውን በዚህ በሥልጣን ጥያቄ ላይ ብቻ ሰነድ እንዲያቀርቡ እዘዝልን ማለት ይቻላል።

ሥልጣን መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ መጥሪያው በሕጉ መንገድ መድረስ አለበት። በፌዴራል ፍርድ ቤት ክሱ ከተከፈተ በኋላ ለማድረስ 90 ቀን አለ። በስቴት ፍርድ ቤት የየስቴቱ ደንብ ይሠራል፤ ለምሳሌ ቨርጂኒያ መንገዷ ላይ አደጋ ላደረሰ የውጭ ነጂ መጥሪያውን በሞተር ተሽከርካሪ ኮሚሽነሩ በኩል ለማድረስ ትፈቅዳለች። የፌዴራል ፍርድ ቤት ስለሆነ አገር ሙሉ ይጠራል ብላችሁ እንዳታስቡ፤ እንዲህ ባለ ጉዳይ ከተቀመጠበት ስቴት ፍርድ ቤት የራቀ ክንድ የለውም።

መጥሪያው ለእናንተ ሲመጣ

የደረሳችሁን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ። ከዚያ ስንት ቀን እንዳላችሁ ከመጥሪያው ላይ አንብቡ፦ በፌዴራል ፍርድ ቤት 21 ቀን ነው፤ በቨርጂኒያ 21፤ በሜሪላንድ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት 30 ሲሆን ከሜሪላንድ ውጭ አሜሪካ ውስጥ ከደረሳችሁ 60 ነው። የመኪና ጉዳይ ከሆነ በዚያው ቀን ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ፤ ጠበቃ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ግዴታ ነው።

«ይህ ፍርድ ቤት በእኔ ላይ ሥልጣን የለውም» የሚለው መቃወሚያ ጊዜው ካለፈ ይሞታል። ሌላ ሁሉ ስህተት በኋላ ሊታረም ይችል ይሆናል፤ ይህ ግን በመጀመሪያው ወረቀታችሁ ካልተነሣ እንደተዋችሁት ይቆጠራል። ሜሪላንድ ውስጥ ከመልሱ በፊት ለብቻው በማመልከቻ መቅረብ አለበት። በፌዴራል ፍርድ ቤት በመጀመሪያው ማመልከቻ ወይም በመጀመሪያው መልስ ላይ መኖር አለበት። ስለዚህ «ጥፋተኛ አይደለሁም፤ እሱ ነው ቀይ መብራት የጣሰው» የሚል ደብዳቤ በራሳችሁ ጽፋችሁ ለፍርድ ቤት እንዳትልኩ። ያ ደብዳቤ መልስ ተደርጎ ሊወሰድና መቃወሚያችሁን ሊያስቀር ይችላል።

ከማመልከቻው ጋር ቃለ መሐላ ይያያዛል። በአጭሩና በእውነት፦ የት እንደምትኖሩ፣ በዚያ ስቴት ቤት፣ ቢሮ፣ የባንክ ሒሳብ እንደሌላችሁ፣ ከከሳሹ ጋር የተዋዋላችሁት የት ሆናችሁ እንደሆነ፣ ዕቃው የት እንደተረከበ። አንድ ጊዜ እንኳ ሄዳችሁ ከሆነ ደብቃችሁ አትጻፉ፤ የመንገድ ክፍያ መዝገብ አለ፣ ስልክ አለ።

ዝም ማለትስ? በሕግ ደረጃ መንገድ ነው፤ ግን አደገኛ ነው። በሌላችሁበት ይፈረድባችኋል፤ ከሳሹ ፍርዱን ይዞ ወደምትኖሩበት ስቴት ይመጣና ደመወዛችሁን ለማስያዝ ይጠይቃል። ያን ጊዜ መከራከር የምትችሉት «ያ ፍርድ ቤት ሥልጣን አልነበረውም» ብላችሁ ነው። በዚህ ከተሸነፋችሁ ስለ ዋናው ጉዳይ፣ ማን እንዳጠፋ፣ ስንት እንደሚገባ፣ የሚሰማችሁ የለም። በሌላ በኩል እዚያው ቀርባችሁ ስለ ሥልጣን ተከራክራችሁ ከተሸነፋችሁ፣ መፍትሔው እዚያው ይግባኝ ማለት ነው፤ ቤታችሁ ተመልሳችሁ ያንኑ ጥያቄ እንደገና ማንሣት አይቻልም።

ፍቺና የልጅ ቀለብ

እዚህ ላይ ሕጉ ይከፈላል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ 6 ወር የኖረች ሴት፣ ባሏ አዲስ አበባ ወይም ዱባይ ቢሆንም፣ መጥሪያው በአግባቡ ከተላከ ፍርድ ቤቱ ጋብቻውን ሊያፈርስላት ይችላል። በባልየው ላይ ሥልጣን ከሌለው ግን ለእሷ መተዳደሪያ ክፈል፣ ንብረት አካፍል ብሎ ሊያዘው አይችልም። «ፍቺው ወጣልኝ፤ ገንዘቡስ?» ለሚሉ እህቶች መልሱ ይህ ነው። ልጅ ማን ያሳድግ የሚለው ደግሞ በአባት ወይም በእናት ላይ ሥልጣን በመኖሩ ሳይሆን ልጁ ያለፈውን 6 ወር በኖረበት ስቴት ነው የሚወሰነው።

ቀለብ ገንዘብ ስለሆነ በከፋዩ ላይ ሥልጣን ይጠይቃል። በ1978 የኩልኮ ጉዳይ ኒው ዮርክ ያለ አባት ልጁ እናቷ ጋ ካሊፎርኒያ ሄዳ እንድትኖር መስማማቱ ብቻ ካሊፎርኒያ እንድትዳኘው አያደርግም ተባለ። ዛሬ ሁሉም ስቴቶች የሚሠሩበት አንድ ዓይነት ሕግ አለ፦ ከፋዩ ከልጁ ጋር በዚያ ስቴት ኖሮ ከሆነ፣ ልጁ እዚያ የሚኖረው በእሱ ትእዛዝ ወይም ድርጊት ከሆነ፣ ወይም እዚያው መጥሪያ ከደረሰው እናት ያለችበት ስቴት ይዳኘዋል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ መንገድ አልተዘጋም። በአካባቢያችሁ ያለው የልጅ ቀለብ ቢሮ ማመልከቻውን አባትየው ወዳለበት ስቴት ይልከዋል፤ እናንተ ሲያትል ወይም ዳላስ መመላለስ አይጠበቅባችሁም።

ቦታ ተሳስቶ መክሰስ የሚያስከፍለው ጊዜ ነው። በአካል ጉዳት ክስ ሜሪላንድና ዲሲ 3 ዓመት ይሰጣሉ፤ ቨርጂኒያና ቴክሳስ 2፤ ቴነሲ 1 ብቻ። የሲልቨር ስፕሪንጓ ተጎጂ «ሦስት ዓመት አለኝ» ብላ በሦስተኛው ዓመት ሜሪላንድ ብትከስና በሥልጣን ምክንያት መዝገቡ ቢዘጋ፣ ቨርጂኒያ ስትደርስ በሩ ተዘግቶ ሊጠብቃት ይችላል። የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሆነ ዳኛው መዝገቡን ወደ ትክክለኛው ፍርድ ቤት ሊያዛውር ይችላል፤ ለዚያ ግን ተከሳሾቹ የሌላ ስቴት ሰዎች መሆንና ክሱ ከ75,000 ዶላር በላይ መሆን አለበት። የስቴት ፍርድ ቤት ግን መዝገብ ወደ ሌላ ስቴት አያዛውርም፤ ይዘጋል። አንዳንድ ስቴቶች እንዲህ ላለው ሰው ጊዜ የሚመልስ ደንብ አላቸው፤ እሱን ተማምናችሁ አትዘግዩ። አደጋው በደረሰ በመጀመሪያው ወር ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ የትራኩን ፎቶ፣ የፖሊስ ሪፖርቱንና ያላችሁን ውል ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሁሉ በፊትም «የምንከሰው የት ነው፣ እዚያስ ስንት ጊዜ ቀረን?» ብላችሁ ጠይቁ።